የአንጋጫው ቃሬዛ

በጃንሆይ ዘመን ለጋዜጣ እጽፍ ነበር። አንጋጫ አጠገብ ከመሬታቸው የተፈናቀሉ ጭሰኞችን አነጋግሬ ልመለስ ስል፣ የባላባቱ ዘበኛ የሆሳዕናን መንገድ ዘግቶ እየጠበቀኝ ነው ተባልኩ። ታሪካቸውን ሳላወጣ አልሞትም አልኩ። ጭሰኞቹም በሽተኛ አስመስለው፣ ጋቢ አልብሰው፣ በቃሬዛ ተሸከሙኝ።

ዘበኛው ጋ ስንደርስ ያላሰብነው መጣ። በአገሩ በሽተኛ የተሸከመ ሰው አይተው ሳያግዙ ማለፍ ነውር ነው። ጠመንጃውን አንግቶ በእግሬ በኩል ያለውን ሸክም ተቀበለ። ሆሳዕና እስክንገባ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተኛሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሲያወርዱኝ ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ የከተማ ጫማዎ መንገዱን ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ አውልቀው ይታመሙ። አሁን ሄደው ይጻፉት።»