የደጄን ኒም ማን ያጠጣዋል?

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ በመምህርነት ተመድቤ ሳለሁ ቀበሌው በየደጃችን አንድ አንድ የኒም ችግኝ አስተከለን። ተክለን ስንጨርስ ሊቀመንበሩ፣ «ችግኙ የደረቀበት ሰው በስብሰባ ላይ ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳል» አሉ። በዚያ ዘመን በስብሰባ ቆሞ ማስረዳት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ እንኳ ገና አፈሩን ከእጄ ሳላራግፍ፣ በአንድ ጭራሮ ምክንያት ስታሰር ታይቶኛል።

ችግሩ ውሃ ነው። ውሃ የሚመጣልን በአህያ ነበር፤ ባለቤቴ በርሜሉን እንደ ባንክ ነው የምትጠብቀው። ፊቴን የምታጠብበትን በመድኃኒት ብልቃጥ ትሰፍርልኝ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ለችግኙ አንድ ጣሳ ብጠይቃት፣ «ፊትህን አትታጠብና የአንተን ስጠው» አለችኝ።

ተውኩት። ችግኙ ግን አልደርቅ አለ። ጠዋት ስወጣ ሥሩ ርጥብ ነው፤ ማታ ስገባም ርጥብ ነው። የመንደሩ ችግኝ ሁሉ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቆ ሲቆም የእኔ ቅጠል ያወጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ያን ጊዜ ሳይለምኑት ውለታ የሚውል ሰው የት አለና? አንዱ ደብቆ ሲያጠጣ ከርሞ በስብሰባው ዕለት፣ «መምህሩ ዞር ብሎም አላየው፣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ሊል ነው አልኩ።

ምርመራ ጀመርኩ። ወንድ ልጅ ችግኝ የሚወደው በተከላው ዕለት ብቻ ነው፤ ይቆፍራል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የምታጠጣው ሴት ናት፤ እሷም አንጀቷ የሚራራ። ይህን ግኝቴን ለባለቤቴ አካፈልኳት።

«እኔ ሴት አይደለሁም?»

«ነሽ እንጂ።»

«ለዛፍ ስራራ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«ለእኔም ስትራሪ አላየሁ።»

«እንግዲያው ሌላ ሴት ጠርጥር» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ሌላ ጠረጠርኩ። ማዶ ያሉት ሻይ ሻጭ ሴትዮ፣ ሰላም ስላቸው ማሰሮ የደበቁ መሰለኝ። ለካ የሚደብቁት እኔ በዱቤ እንዳልጠጣ ነው።

ፈጽሞ ያልጠረጠርኳቸው የግድግዳ ጎረቤቴን ነበር። ከቱሊ ጉሌድ በኩል በግመል ከሰል እያስመጡ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ በሶማልኛ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። ሰላምታ እንኳ በኪሎ የሚሸጡ ኮስታራ ናቸው። የዚያን አገር ግራር ብቻቸውን የጨረሱት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመጋረጃው ጥግ አድፍጬ ሳለ አዴር ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡ። ችግኜ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለሶላት ውዱእ ማድረግ ጀመሩ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ሲያጥቡ ጠብታው ሁሉ ሥሩ ላይ ያርፋል። ሲጨርሱ ለፍየል መከላከያ የተደረገውን እሾህ አስተካከሉ። እሾህ እንዳለውም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ወጣሁ። «አዴር፣ ይህን ዛፍ ምን ሊያደርጉት አስበው ነው?»

«እየታጠብኩ ነው።»

«በራስዎ ደጅ አይታጠቡም?»

«የእኔን ችግኝ ፍየሌ በላችው።»

«ሲያድግ ከሰል ሊያደርጉት ነው?»

ቀጭኗን ግንድ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣ «ይሄ አንድ ሻይ አያፈላም» ብለው ገቡ።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ከኋላ ጥግ ይዤ ብቀመጥ፣ ሊቀመንበሩ አስነስተው አስጨበጨቡልኝ። ከመንደሩ የጸደቀው የእኔ ብቻ ነው። ከዚያም የደረቁትን ሁሉ ተክቶ የሚንከባከብ ሰው ይጠቆም ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ አንድ እጅ ወጣ፤ የአዴር ነው። «መምህሩ» አሉ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

ስንወጣ ተከተልኳቸው። «አዴር፣ ምነው ጉድ ሠሩኝ?»

«እኔ የምሰግደው በቀን አምስቴ ነው፤ ውሃው ከአንድ ችግኝ አያልፍም። ለሌሎቹ አንተም ጀምር።»

ያን እሾህ ከመጀመሪያው ለዚሁ ሹመቴ ብለው እንዳጠሩት እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ባለቤቴ በርሜሉን ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።