ወንድሜ የተናገረው እንግሊዝኛ

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ዘጠነኛ ክፍልን ግን አብረን ነበር የተማርነው። ዓምና እንግሊዝኛ ጥሎት ሲደግም ደረስኩበት። ዘንድሮም ከወደቀ ከትምህርት ቤት ይሰናበታል። ተማሪ ያልሆነ ጎረምሳ ደግሞ በደርግ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ሸዋ ሮቢት ላይ የማያውቅ አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ሽንኩርት ሊሸጥ ካራቆሬ ገበያ እንደወጣ ለጦርነት ታፍሶ ቀረ፤ በወታደር መኪና ጣርማ በርን ሲያልፍ ያየው ሰው ነው ለእናቱ የነገራት። ለጦሩ ልጅ የሚመለምለው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበርም በደጃችን ባለፈ ቁጥር ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ እያየ፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለዋል። ወይ ጥያቄ! እናቴ ድምፁን ስትሰማ የያዘችው ሁሉ ከእጇ ይወድቅ ነበር።

ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። የሰኔ ሙቀት እኛ አገር ቤት ውስጥ አያስቀምጥም፤ ሽንኩርት የምናጠጣበት ቦይ ዳር፣ ማንጎው ሥር፣ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን እናጠናለን። ልጁ ደደብ አይደለም፣ ማንም እንዳይለው! ሒሳብ የሚያስረዳኝ እሱ ነበር። እንግሊዝኛ ሲሆን ግን አፉ ይለጎማል። ጥፋቱ የመምህራችን ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ላቡን ሲጠርግ የሚውል ቁጡ ሰው ነበር፤ በእሱ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ያመለጠው ተማሪ የእንጨት ቁራጭ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት አንጠለጠለው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«ተናገር እንጂ! እዚህ ማን አለ? እኔና ዝንጀሮ ነን» እለዋለሁ። ይስቅና ይጀምራል። መኪና አስፋልቱ ላይ ሲያጓራ ግን ሁለታችንም ጭጭ። ድምፁ እስኪርቅ ያነበብነው ሁሉ ይጠፋናል፤ እንዲህ እየሆነ ምን ይጠናል? አንዳንዴ ተናድጄ መጽሐፉን እወረውርና መልሼ ራሴው አነሣዋለሁ። ቁጣ ይምሰል እንጂ ፍርሃት ነበር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት፣ በመንገዳችን ላይ፣ ያሰብኩትን ነገርኩት። የእኔን ደብተር ሲገለብጥ ስለከረመ የእጅ ጽሑፋችን ይመሳሰላል።

«አንተ የእኔን ስም ጻፍ፣ እኔ የአንተን። እኔ ብወድቅ እደግማለሁ፤ ሴት ስለሆንኩ ለጦር የሚወስደኝ የለም» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ቀጠለ። እሺ ማለቱ መሰለኝ።

ወረቀቴ ላይ የእሱን ስም ጻፍኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ መምህሩ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ እኛ እንደተቀመጥን ስሞቹን ማየት ጀመረ። መሀል ላይ ቆም አለ። ሁለት ወረቀት ለየና የወንድሜን ስም ሁለት ጊዜ ጠራ። ለካ ያ ልጅ የራሱን ስም ጽፏል!

መምህሩ ወንድሜን ወደ ፊት ጠርቶ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። የእኔ ሙሉ ነው፤ የእሱ ግማሹ ባዶ። የትኛው የአንተ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ሙሉውን በል፣ በእናትህ ሙሉውን በል እላለሁ በልቤ። ወንድሜ ግማሹ ባዶ በሆነው ላይ ጣቱን አስቀመጠ። ከዚያም ዓመቱን ሙሉ የተዘጋው አፉ ተከፍቶ፣ ምንም ሳያደናቅፈው፣ በእንግሊዝኛ፣ «ይኼ የእኔ ነው። ያ የእህቴ ነው» አለ።

መምህሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስተያየ። ከዚያ ወረቀቴን ይዞ መጣና ስሜን እንዳስተካክል እስክሪብቶ ሰጠኝ። ለማንም አልተናገረብንም።

ካርድ የተሰጠ ቀን እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። «አለፍኩ» ስላት ካርዴን ግንባሯ ላይ አድርጋ እልል አለች። እልልታዋን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ወንድሜ አዞረች። እሱ ካርዱን ከኪሱ አላወጣም። ሊቀመንበሩ በዚያው ሲያልፍ እልልታውን ሰምቶ ወደ ግቢያችን ጎራ አለና፣ እንደ ልማዱ፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» አለው።

ወንድሜ ለእሱም «ወደቅኩ» ብሎ እውነቱን ነገረው።