ከስኳሩ ላይ የተነሣው ሸራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አልቆም ባለበት ሰሞን ነው። የመሬት መንሸራተት ወይም የመንገድ መዘጋት ዜና በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ፍርሃቱን ብቻዬን እችለዋለሁ፤ ስለ ሰዎቹ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ሶዶ ነው። የማስተምረው ግን ገሱባ ስለሆነ ከባለቤቴ እናት ጋር እዚያው እንኖራለን። ባለቤቴ አረካ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ጨርሻለሁ። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ እንግዴ ልጁ ከታች መቀመጡን፣ ደም ካየሁም ሳልውል ሳላድር ሶዶ ሆስፒታል መድረስ እንዳለብኝ አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ሶዶ እናቴ ቤት ገብቼ ቀኔን ልጠብቅ ልብሴን አጣጥፌ ተዘጋጅቼ ነበር።

ደሙ ቀደመኝ። አንድ ጠዋት ስነቃ አንሶላው ርሷል።

አማቴ አንሶላውን ሲያዩ አልጮኹም። ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ክንዴን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ የደም ግፊቴን ለክታ ግሉኮስ ሰካችልኝ።

"ቲቸር፣ እኛ እዚህ የምናደርግልሽ ነገር የለም" አለችኝ። "ኦፕራሲዮን ነው የሚያስፈልግሽ። አሁኑኑ ወደ ሶዶ።"

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። አማቴ መናኸሪያ ሰው ልከው ለመውጣት የተዘጋጀ ሚኒባስ ጤና ጣቢያው በር ድረስ አስመጡ። ተሳፋሪዎቹ ሲያዩኝ ማንም ሳይጠይቃቸው የኋላውን መቀመጫ በሙሉ ለቀው ፊት ላይ ተደራረቡ። አማቴ ጭን ላይ ጋደም አልኩ። እሳቸው የግሉኮሱን ላስቲክ በአንድ እጃቸው ወደ ላይ ይዘው፣ በሌላው ግንባሬን እየዳበሱ "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ" ይሉኛል። እኔ ያደግሁት በአማርኛ ነው፤ የአማቴ ቋንቋ ግን ወላይትኛ ስለሆነ ሲደነግጡ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው በክረምት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ሾፌሩ ጉድጓዱን በቻለው መጠን እየሸሸ ይነዳል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ደሙ ሲመጣ ይሰማኛል። የልጄን እንቅስቃሴ ለመስማት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ትንቀሳቀሳለች፤ አንዳንዴ ዝም ትላለች። ዝም ስትል እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

እንዲህ እያልን ስንሄድ አንድ ኩርባ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው።

ተራራው ወርዶ መንገዱን ውጦታል። ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ ከነሥሩ የተነቀለው ባሕር ዛፍና እንሰት ሁሉ መንገዱ ላይ ተከምሯል። ከናዳው ወዲያ ማዶ አንዲት የጭነት አይሱዙ ቆማ ትታያለች። ስልክ ቢሞከር ኔትወርክ የለም።

"ወደ ኋላ ልመለስ እንዴ?" አለ ሾፌሩ ዞሮ እያየን።

"ወደ ኋላ ምን አለ?" አሉት አማቴ።

ወደ ኋላ ያለው የመጣንበት ጤና ጣቢያ ነው።

ተሳፋሪው ወረደ። ከአካባቢው ጎጆዎችም ሰው ወጥቶ ተሰበሰበ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር የሚሉትን እሰማለሁ። ተሸክመን እናሻግራት የሚል ድምፅ ተነሣ። ወዲያው የቀበሌው ሚሊሻ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

"ማንም ሰው እዚህ ጭቃ ውስጥ አይገባም!" አለ። "ጎፋ የሆነውን ረሳችሁት? ሌላውን ሊያወጡ የገቡት እኮ ናቸው ያለቁት!"

ያን ዜና ያልሰማ ሰው አልነበረም። ጎፋ ጎረቤታችን ነው፤ የተጋባን፣ የተዋለድን ነን። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ እንደደረሰባቸው ስንሰማ በየቤታችን አልቅሰናል። ሚሊሻው ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም የከለከለው። እኔ ራሴ እዚያው ጋደም ብዬ ልክ ነው አልኩ በልቤ። ለእኔ ብሎ የሌላ እናት ልጅ ለምን ይቀበር? ይህን እያሰብኩ ግን እጄ ሆዴ ላይ ነበር።

በዚህ መሃል ከማዶ "ምን ሆናችሁ?" የሚል ጥሪ መጣ። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ነፍሰ ጡር! ደም እየፈሰሳት ነው!" ብሎ መለሰ።

ጥቂት ቆይቶ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ማጉረምረም ጀመረ። ቀና ብዬ አየሁ። ጺማቸው በሒና የቀላ ሰውዬ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ የተጠቀለለ ሸራ ትከሻቸው ላይ ጭነው ጭቃውን እየሰነጠቁ ይመጣሉ። በኋላ እንዳወቅሁት ስማቸው ጋሽ ሸምሱ ነው። ሶዶ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ናቸው፤ አይሱዙዋም የራሳቸው ናት።

"በምን ልትሸከሟት ነበር? በእጃችሁ?" አሉ እያለከለኩ። ሸራውን መሬት ላይ ጣሉት። "በሉ ዘርጉት።"

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ሸራውን አጥፈው ዘረጉና ከመኪናው አውርደው አስተኙኝ። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ጠርዙን ያዙ። ሚሊሻው ሊያስቆማቸው እንደማይችል ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እንግዲያው እኔ እዚህ ሆኜ ተራራውን አያለሁ" አላቸው። "ዓይኔን አልነቅልም። ካፏጨሁ ጥላችኋት ሩጡ። ሰምታችኋል? ጥላችኋት ነው የምለው።"

እነሱ ሸራውን ከወገባቸው እኩል አነሡ።

አንዱ ለአማቴ "እርስዎ እዚሁ ይቆዩ" ሲላቸው፣ የግሉኮሱን ላስቲክ ከፍ አድርገው አሳዩት። "ይህን ማን ይይዛል?" ብለው ጫማቸውን አወለቁና ከጎኔ ጭቃው ውስጥ ገቡ።

ያን ጊዜ የሚታየኝ ሰማዩና የሰዎቹ አገጭ ብቻ ነበር። ዝናቡ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ጭቃው እግራቸውን ሲውጥና ሲለቅ ድምፁ ይሰማኛል። "ወደ ግራ! ድንጋይ አለ!" ይባባላሉ። አማቴ በወላይትኛ "ጦሳ፣ ጦሳ" እያሉ እግዚአብሔርን ይጠራሉ። ጋሽ ሸምሱ እራስጌዬን ይዘው በራሳቸው ቋንቋ አላህን ይለምናሉ። እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። ሌላው ደግሞ "ኢየሱስ!" ይላል።

መሃል ላይ ስንደርስ ፉጨቱ ተሰማ።

ሁሉም ሰምተውታል። ለአንድ አፍታ እርምጃቸው ተቋረጠ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩና ጀርባዬ ጭቃውን እስኪነካ ጠበቅሁ። ሊፈረድባቸው አይችልም። ልጅ ያላቸው፣ ሚስት የምትጠብቃቸው ሰዎች ናቸው።

ሸራው ግን ወደ ላይ ከፍ አለ። ከወገባቸው ወደ ትከሻቸው አነሡኝና ሮጡ።

ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደሮጡ እስካሁን አይገባኝም። ከኋላችን ድንጋይ ሲንከባለል፣ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። እንደ መጀመሪያው ትልቅ ናዳ አልነበረም፤ ግን ቀድሞ ያለፍንበትን ቦታ ሞልቶት አለፈ። ደረቅ መሬት ላይ ሲያወርዱኝ አንዱ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። አንዱ ደግሞ ብቻውን ይስቃል። ደንግጦ ነው መሰለኝ። አማቴ ነጠላቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። የግሉኮሱን ላስቲክ ግን ሰማይ ሰማይ እንዳሳዩ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ጋቢና ውስጥ ሸራውን ከሥሬ አንጥፈው አስተኙኝ። አማቴ እግሬ ሥር ተጣጥፈው ገቡ። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ተራራ ስለሆነ አይሱዙዋን ማዞር አይቻልም። ስለዚህ ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡና በዚያ ዝናብ የጫነች መኪና በኋላዋ መንዳት ጀመሩ። ከተሸከሙኝ ሰዎች አንዳንዶቹ ከመኪናዋ ኋላ ሆነው "ና! ና! ያዝ ወደ ቀኝ! ቁም! ና!" እያሉ ይመራሉ። ጋሽ ሸምሱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ጺማቸው ውኃ እያንጠባጠበ፣ የሚዞሩበት ሰፊ ቦታ እስኪደርሱ ድረስ እንዲሁ ሄዱ። ሲዞሩ ሰዎቹ የመኪናዋን ጎን በመዳፋቸው መቱ። ሂዱ ማለታቸው ነው። ፊታቸውን ለይቼ ሳላይ ተለያየን።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ እየከበደኝ መጣ።

"እንዳትተኚ" አሉኝ ጋሽ ሸምሱ። "አናግሪኝ። ምንድን ነው የምታስተምሪው?"

"ሒሳብ።"

"አዬ! እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት የጠፋሁት ሒሳብን ሸሽቼ ነው። ይኸው ነጋዴ ሆኜ ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ስሠራ እኖራለሁ።"

በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ። እስከ ሶዶ ድረስ እንዲህ እያስወሩ አደረሱኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጡሩምባቸውን ሳያቋርጡ አስጮኹት። በወሳንሳ ይዘውኝ ሲገቡ ጋሽ ሸምሱ ጠባቂውን "መንገድ ልቀቅ፣ ልጄ ናት!" ሲሉት ሰማሁ።

ከኦፕራሲዮኑ ስነቃ ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። ዓይኑ አብጧል። "ሴት ናት" አለኝ። "ትንሽ ናት፤ ግን ጩኸቷ ኃይለኛ ነው።" ደም ተሰጥቶኝ ነበር። ሐኪሙ ሊያየኝ ሲመጣ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

በማግሥቱ አጠገቤ ያለችው ወላድ አስታማሚ በስልኳ ሬዲዮ ከፍታ ነበር። ዜና ነጋሪው በከባድ ዝናብ ምክንያት ወደ ገሱባ የሚወስደው መንገድ ለጊዜው መዘጋቱን ተናገረ። "በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም" አለና ወደ ሌላ ዜና አለፈ።

አልዋሸም። ያ ጉዳት ያልደረሰበት ሰው እኔ ነኝ፤ ልጄም ናት። ነገር ግን ጉዳቱ ያልደረሰው መንገዱ ራርቶልን አይደለም። ሸራውን ከፍ ያደረጉ ትከሻዎች ስለነበሩ ነው። ዜና እነዚህን ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜ የለውም፤ አልፈርድበትም። መንገዱ በወጉ ተሠርቶ፣ ተራራውም ተደግፎ ባይ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ክረምትም ነፍሰ ጡር በዚያ ማለፏ አይቀርም። እስከዚያው የሰዎቹን ሥራ የምጽፈው እኔ ልሁን ብዬ ነው።

ትንሽ ስጠነክር ልጃችንን ታቅፈን ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድን። የዚያን ቀን የጫኑት ስኳር እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለእኔ የመጣው ሸራ ከስኳሩ ላይ የተነሣ ነው። ባለቤታቸው እየሳቁ ነገሩን። ከላይ ያለው ጆንያ ሁሉ ሟሙቶ ሽሮፕ ሆኗል፤ አይሱዙዋም ብትታጠብ ብትታጠብ ስንት ቀን ንብ ሲከተላት ሰነበተ።

"ንቦቹስ ነፍስ የላቸውም? ይብሉ እንጂ" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ባለቤቴ ስለ ስኳሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡ። "ይልቅ ልጅቷን ስጡኝ" ብለው ተቀበሏትና ዱዓ አደረጉላት።

ገሱባ ስመለስ ሚሊሻውንም አገኘሁት። ላመሰግነው ብጀምር አኮረፈ። "እኔ አፏጭቻለሁ" አለ። "እነዚያ ሰዎች ትእዛዝ አያከብሩም።" ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

የተሸከሙኝን ግን ላገኛቸው አልቻልኩም። መንገደኞች ነበሩ፤ ገበሬዎች ነበሩ፤ ፊታቸውን ለይቼ አላየሁም። ስለዚህ ገሱባ ገበያ ስወጣ ማን ማን እንደሆኑ ስለማላውቅ ያገኘሁትን ሁሉ ቀድሜ ሰላም እላለሁ። "ሳሮ" እላለሁ፤ ይመልሱልኛል። ቲቸር ምን ነካት ሳይሉኝ አይቀሩም።

በቅርቡ ጎዳሬ ልገዛ አንድ ሰውዬ ፊት ቆምኩ። ምርቃት ሲጨምርልኝ ከጀርባዬ ያዘልኳትን ልጅ አየና "ይቺ ናት?" አለኝ።

"የቷ?"

"ያኔ ሆድሽ ውስጥ የነበረችው።" ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። "እሷ ምንም አልነበረች። አንቺ ግን ቲቸር፣ ከባድ ነበርሽ!"

ለእንዲህ ያለው ቀን ብለው አማቴ ያስጠኑኝ የወላይትኛ የምስጋና ቃላት ነበሩኝ። ሁሉም ጠፉብኝ። ገበያው መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

ሰውዬው ደነገጠ። የተቀየምኩት መስሎታል። "ኧረ ቀልዴን ነው! ቀላል ነበርሽ፣ ቀላል!" ይለኛል።

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላትና ትከሻው ላይ አስቀመጣት። እሷም ጆሮውን ይዛ ሳቀች። ሌላ ሰው ሲይዛት ታለቅስ ነበር። ስሙን እንኳ ገና አልጠየቅሁትም፤ እኔም እስኪበቃት ትቀመጥ ብዬ ጎዳሬው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት።