ለውድድሩ የተነፉ ፊኛዎች

አልጣሽ ዲላ ውስጥ በዲኮር ሥራ ከሚታወቁት ሴቶች አንዷ ናት። ትውልዷ ከዲላ አጠገብ ያለችው ጪጩ ናት፤ ከተማ የገባችው በትዳር ነው። በራሷ ሰርግ ዕለት ከጀርባዋ የተንሻፈፈውን መጋረጃ ዞር ብላ አይታ «ይሄንንማ እኔ አሳምሬ እሰቅለው ነበር» ብላ ለሚዜዋ ያንሾካሾከችው ነገር ውሎ አድሮ እንጀራዋ ሆነ። ባሏ ሲራክ ቡና ሲደርስ ወርቃ እየሄደ ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል፤ እሷ የሰው ሰርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ምርቃት ስታስጌጥ ትከርማለች። እጇ ፈጣን ነው። አንደበቷ ግን እንደ እጇ አይደለም፤ ሰው ፊት ቆሞ መከራከር አይሆንላትም፤ እምቢ ማለትም አልፈጠረባትም።

ስለዚህ የጎረቤቷ ልጅ ትንሳኤ የሰፈሩን ልጆች የመኪና ውድድር ላዘጋጅ ነው ብሎ ሲመጣባት፣ ገና ሳይገባት «እሺ» አለችው።

«ግን የምን መኪና ነው?»

«ራሳቸው የሚሠሩት ነዋ፣ እትዬ። ከሃይላንድ፣ ከቆርኪ፣ ከሽቦ። ቁልቁለቱ ላይ ጣውላ እናጋድማለን፣ ከላይ ይለቁታል፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። አንቺ ደግሞ ቀኑን ቀን አስመስዪልን።»

ቁልቁለቱ ያለው ጋሽ ገበየሁ ደጅ ነበር። ጋሽ ገበየሁ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ልባቸው ደከም ካለ ወዲህ በራቸው ላይ ወንበር አስወጥተው ይውላሉ፤ ልጆቹም መኪናቸውን እያመጡ ያሳዩዋቸዋል። «የኋላ እግሩን ሰፋ አድርጊው፣ ይገለበጥብሻል» ይላሉ፤ ልጆቹም ሮጠው ሄደው ያስተካክላሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አልጣሽ የቀርከሃውን ቅስት ልታቆም መጣች። አንዱን እግር ከሳቸው የበር ምሰሶ ጋር አሰረችው። ቀዩን ጨርቅ መነሻው ላይ ስታጠላልፍ ሲያዩዋት ቆዩና ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሹፌር ቀይ እያየ እንዴት ይነሳል? አረንጓዴውን እዚህ፣ ቀዩን ታች አድርጊው እንጂ!»

ፈትታ ገለበጠችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስለ ቀለም እንዲህ ደስ ያላት ምክር አልሰማችም።

ቅዳሜ በጠዋት ልጆቹ ቀድመዋት ደረሱ። ፊኛ ሲነፉ ጉንጫቸው ተወጥሮ ዓይናቸው እስኪያነባ ይስቃሉ። የኮባ ቅጠል በመንገዱ ግራና ቀኝ ተተከለ። ጣውላው ላይ ትንሳኤ በኖራ መስመር አሰመረበት። ማርቲ የምትባለው ልጅ የሰርዲን ቆርቆሮ መኪናዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ «ጋሽ ገበየሁ ዛሬ ለምን አልወጡም?» ስትል፣ አልጣሽ «ይወጣሉ፣ ልብስ እየለበሱ ይሆናል» አለቻት።

ብዙም አልቆየ፣ ከጋሽ ገበየሁ ግቢ ውስጥ የሴት ጩኸት ተሰማ።

ለቅሶ ሰፈር ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች በፊኛው ቅስት ሥር እያጎነበሱ ይገቡ ጀመር። የእድሩ ዳኛ አቶ ጥበቡ መጡና መንገዱን ላይና ታች አዩት።

«አልጣሽ እህቴ፣ ድንኳን የሚተከልበት ሌላ ቦታ የለንም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ትንሳኤ ግን አላስቻለውም። «ወደ ታችኛው መንገድ ብንወስደውስ? እሳቸው ራሳቸው እኮ ውድድሩን ሊያዩ ጓጉተው ነበር!»

«ጓጉቶ ይሆናል፣ ልጄ» አሉ አቶ ጥበቡ፣ ሳይቆጡ። «ሬሳው ቤት ተኝቶ ከታች ጭብጨባ ይሰማ?»

ትንሳኤ አንገቱን ደፋ። አልጣሽም አንድ ነገር ልትናገርለት ፈልጋ ነበር፤ ምን ብላ? የተሳሳተ ሰው እኮ የለም።

መፍታት ጀመሩ። አንዱ ልጅ ቶሎ ይለቅልኝ ብሎ አንድ ፊኛ በጥፍሩ ሲወጋው ጧ! አለ። ለቅሶው ቀጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። አልጣሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «እንዳታፈነዱ! አንዱንም እንዳታፈነዱ!» አለች በሹክሹክታ። እናም ያን ሁሉ ፊኛ እንደተነፋ፣ በእቅፍ በእቅፍ፣ በጓሮው መተላለፊያ ወደ ቤቷ ያመላልሱት ጀመር። ነፋስ መጣ። አንድ ቀይ ፊኛ ከእቅፏ አምልጦ አጥሩን ተሻገረና አልቃሾቹ መሐል ዱብ አለ።

ተከትላው በሩ ላይ ስትደርስ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ ፊኛውን ትኩር ብለው እያዩት ነበር።

«ነገ ልጆቹ ዘንድ እወጣለሁ ብሎ፣ ሸሚዜን ተኩሺልኝ ብሎኝ ነበር» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። «ተኩሼ ሰቅዬለታለሁ።» ከዚያ ለቅሶው እንደገና ገነፈለ።

አልጣሽ ፊኛ ታቅፋ ቆማለች። ገብታ እንዳታቅፋቸው እጇ ሙሉ ነው፤ የያዘችውን እንዳትጥለው ነፋሱ አለ። እግዚአብሔር ያጥናዎት እንኳ አላለችም። ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ወጣች።

ድንኳኑ ቆመ። አግዳሚ ወንበር ስላነሰ ጎረምሶቹ የውድድሩን ጣውላ በድንጋይ ላይ እያጋደሙ መቀመጫ አደረጉት፤ ለቀስተኛው ሁሉ የኖራው መስመር ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ማዶ፣ ግንብ ተደግፈው፣ መኪኖቻቸውን ይዘው ያያሉ። ሂዱ ያላቸው የለም፣ ኑም ያላቸው የለም። ከቀብር መልስ አልጣሽ ቤቷን ስትከፍት ፊኛው ወለሉን ሞልቶት መግቢያ አጣች። በእግሯ እየገፋች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ያን ጊዜ አለቀሰች።

በሳምንቱ እንደምንም ራሷን አደፋፍራ አቶ ጥበቡ ዘንድ ሄደች። ለሰው ጉዳይ ደጅ ስትጠና የመጀመሪያዋ ነበር።

«ልጆቹን ምን ልበላቸው፣ ጋሼ?»

«አርባው ይውጣ። ለሙሉነሽ ስንል።»

አርባው ወጣ፤ ክረምቱ ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር። ቁልቁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ጎርፍ ይወርድበታል። ትንሳኤ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሲሰናበታት «በበጋ እመጣለሁ፣ እናደርገዋለን» አላት፤ እሷም እሺ አለችው።

ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን ባገኟት ቁጥር «እትዬ፣ መቼ ነው?» ይሏት ነበር። አላውቅም ማለት እየከበዳት መንገድ መቀየር ጀምራ ነበር። ኋላ ግን መጠየቁን ተዉት፤ ሲያገኟት ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። አልጣሽም ትቆምና ከኋላ ታያቸዋለች።