የአባቴ የሰንበቴ ጠላ

አባቴ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ሰቆጣ እኔ ቤት ነው የሚኖሩት። ይኖራሉ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሰውነታቸው እኔ ዘንድ፣ ነገራቸው ሁሉ የተወለዱበት ደሃና ነው። ዘነበ ወይ ብለው ሲጠይቁ የደሃናን እንጂ ደጃችን ላይ የሚወርደውን ማለታቸው አይደለም።

ባለፈው የሰንበቴ ተራቸው ደረሰ። እኛ ዘንድ በየሰንበቱ አንዱ ማኅበርተኛ ዳቦና ጠላ ይዞ ደብሩ ይወጣል። "ባዶ እጄን ከሄድኩ ይሰርዙኛል" አሉ። "የተሰረዘ ሰው ደግሞ ማን አፈር ያለብሰዋል? እኔ እናቴ አጠገብ ነው መተኛት የምፈልገው።" ቀልድ አልነበረም።

እሺ፣ ከሰቆጣ ገበያ ገብስ ልግዛ ብል፣ ወይ ፍንክች። ገብሱ የደሃና መሆን አለበት። ስለዚህ ገብሱ ከደሃና በሚኒባስ መጣ፤ እኔ ጠመቅሁት፤ ጠላ ሆኖ በጀሪካን፣ ከዳቦው ጋር፣ በዚያው መንገድ ሊመለስ ቅዳሜ ተጫነ። ይሄን ሥራ ብዬ ለማን ልናገር?

አባቴ የጀሪካኑን አፍ በሣር ወትፈውት ነበር፤ ጠላ መተንፈሻ ይፈልጋል። ሾፌሩ "መኪናዬን አታሽቱብኝ" ብሎ ሣሩን ጣለና ክዳኑን ጥርቅም አደረገው። "ተው" ቢሉት ማን ይስማ። መንገዱ ደግሞ ልብ የሚያወልቅ ነው። አምደወርቅ ልንደርስ ስንል ጀሪካኑ አበጠ፣ አበጠና ድው አለ። ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ዘሎ ወረደ። ጠላ ከጣሪያው እየተንጠባጠበብን እሱ ጎማዎቹን በየተራ ይረግጣል። ዳቦው ርሶ ገንፎ ሆነ። አጠገቤ የነበሩት ቄስ ጢማቸውን ጠረግ አድርገው ጣታቸውን ቀመሱና "ወፈር ያለ ነው" ብለው መሰከሩ። አባቴ ግን በኽምጥኛ እኔ የማልተረጉመውን ነገር ተናግረው የተቀደደውን ጀሪካን አቀፉት። አንጀቴን በሉት።

ከአምደወርቅ ወዲያ መኪና ስለማይገባ በበቅሎ ወደ ደብራቸው ይዣቸው ሄድኩ። በማግሥቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰንበቴው ፊት ቆሙ። "ጠላው መንገድ ላይ ቀረ፤ እንደወደዳችሁ አድርጉኝ" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

የሰንበቴው አለቃ አብሮ አደጋቸው ነው። "በዚህ እግርህ ማን ጠላ አምጣ አለህ? ሴቶቹ ባንተ ስም ጠምቀውልሃል። ና፣ ቦታህ ላይ ተቀመጥ" አላቸው።

አባቴ ዋንጫውን ተቀብለው ቀመስ አደረጉ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ነጠላዬን አዘጋጀሁ።

"ጌሾው አነሰው" አሉ።

"እዚህ ስንቀብርህ ለተዝካርህ እንጨምርልሃለን" አለቻቸው አንዷ አሮጊት።

አባቴ እፎይ ብለው ዋንጫውን ጨለጡት።