በግድግዳው ቀዳዳ ያለፈው ገመድ

ሮቤ ላይ የኔንና የጎረቤቴን ጽሕፈት ቤቶች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነበር። በግድግዳው ቀዳዳ የኔትወርክ ገመድ አሳልፈን በእሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፎልደር አብረን እንጠቀም ነበር። የአማርኛውን ውልና ማመልከቻ እኔ፣ የኦሮምኛውን እሱ እየጻፍን እዚያ እናስቀምጣለን፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ሁለታችንም ከዚያው አውጥተን እናትማለን።

ቫይረስ ሲያማርረኝ ዊንዶውስን ጥዬ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩ። በዚያው ሰሞን ፎልደሩ የይለፍ ቃል ይጠይቀኝ ጀመር።

«እኔ ምንም አልነካሁም፤ ያ ሊኑክስህ ነው» አለኝ ጎረቤቴ።

አመንኩት። ሴቲንግ ስነካካ፣ እንደገና ስጭን፣ ሊኑክስን ስረግም ከረምኩ። ኦሮምኛ ፈላጊ ሲመጣብኝም በገዛ እጄ ወደሱ እሸኝ ነበር። እሱ በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ» እያለ ብቅ ይልና ያጽናናኛል።

አንድ ቀን ከአጋርፋ የመጣ ደንበኛ ላፕቶፕ ይዞ ገባ። ዊንዶውስ ነው። አስፈቅጄ ገመዱን ሰካሁበት። ፎልደሩ ላፕቶፑንም የይለፍ ቃል ጠየቀው።

ወደ ደጅ ስወጣ አንድ ሰው ከጎረቤቴ ቤት ያሳተመውን ውል እያነበበ ቆሟል። አማርኛው ቃል በቃል የኔ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ እንደ ልማዱ ብቅ አለ።

«ዛሬስ ሊኑክስህ እሺ አለህ?»