ጂቱ፣ የኮኩ ግቢ ጠባቂ

ከየካ ተራራ ሥር የድሮ መኳንንት ያሠሯቸው ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ግድግዳቸው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ዙሪያቸውን የእንጨት በረንዳ የከበባቸው ሰፋፊ ቤቶች ናቸው። በሃምሳዎቹ ዓመታት አብዛኞቹ ተዘግተው ሸረሪት አድርቶባቸው ነበር። ባለቤቶቻቸው ከፊሎቹ ሞተዋል፤ የቀሩት መብራት ወዳለበት ወደ ቀበና ወርደዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር በሩ የሚከፈተው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የወይዘሮ ወለተሥላሴ ቤት ነው። ቤቱንና የፍሬ ዛፎቹን የምትጠብቀው ሴት ጂቱ ቱሉ ትባላለች።

ጂቱ የተወለደችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ ቱሉ የወይዘሮዋ ባል የፊታውራሪው አትክልተኛ ነበር። ኮኩን፣ ሮማኑን፣ ትርንጎውን፣ ከወንዙ ዳር ያለውን በለስ ሁሉ የተከለው እሱ ነው። ጂቱ ካደገች በኋላ ፈዬራ የሚባል የእንጦጦ እንጨት ቆራጭ አገባች። አንድ ልጅ ወልዳ በኩፍኝ ሞተባት፤ ፈዬራንም የሳንባ በሽታ ወሰደባት። ከዚያ ወዲያ የቀሯት እነዚያ ዛፎችና ጉርድ ሾላ የሚኖረው ወንድሟ ጎበና ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ነበረች። የቤቱን ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ስለምትሄድ፣ ስትራመድ ኮሽታዋ ከሩቅ ይሰማል።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ፊታውራሪው ከሞቱ ጀምሮ የፍልሰታን ጾም እዚያ ነበር የሚያሳልፉት። የከተማውን ጩኸት አይወዱም። ጠዋት ዋሻ ሚካኤል ወጥተው ያስቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ጭጋጉ ከኮኮቹ ሥር ሲነሣ እያዩ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ጾማቸውን ሲፈቱ ጂቱ ከዛፍ የለቀመችውን ኮክ በቅጠል ላይ ታቀርብላቸዋለች። ሁለቱንም ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ደስ የሚላቸው ያ ወቅት ነበር።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ወይዘሮዋ ብቻቸውን አልመጡም። አንድ ልጃቸው ኃይለጊዮርጊስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ሚስቱን ዓለምንና የሦስት ዓመት ልጁን ሎሚን ይዞ መጣ። ዓለም ሎሚን ከወለደች ጀምሮ ሰውነቷ አልመለስ ብሏት ስለ ነበር አየር እንድትለውጥ ሐኪም መክሯት ነው። ኃይለጊዮርጊስ ቮልሱን ኮተቤ መንገድ ዳር አቁሞ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ፤ በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሑድ እሑድ እየመጣ ሊጠይቃቸው ተስማሙ።

ዓለም በመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታውን በጣም ወደደችው። «እዚህስ ሰው ዓለም መኖሯንም ይረሳል» ትል ነበር፤ ከስሟ ጋር ስለሚገጥም ራሷ ትስቃለች። ሎሚ ከጂቱ ቀሚስ ሥር አትጠፋም።

ጂቱ ግን ገና እነሱ ሳይመጡ አንድ ነገር ደስ አላላትም። ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ፋታ አልሰጠም። በዚያ ላይ ባለፈው በጋ ኃይለጊዮርጊስ ቀበና ለሚያሠራው አዲስ ቤት ሲል ከግቢው በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ነበር። ግንዶቹ በበሬ እየተጎተቱ ሲወርዱ፣ ቱሉ በዘመኑ የተራራውን ጎርፍ ከቤቱ ለማራቅ የቆፈረው ቦይ ተደርምሶ ተደፈነ። ጂቱ በዶማ ልትከፍተው ሞክራ አልሆነላትም። ውሃው ወደ ግቢው እንዳይመጣ ስትፈራ ነበር፤ ውሃው ግን አልመጣም። ያን ሁሉ ዝናብ መሬቱ ዋጠው። ጎርፍ ብታይ ይሻላት ነበር።

ከዚያ የእልፍኙ በር አልዘጋ አለ። ዓለም «እንጨቱ ርጥበት ጠጥቶ ነው» አለች፤ ጂቱም እውነት ነው ብላ በመጥረቢያ ከጠርዙ ላጠችለት። በሁለተኛው ቀን እንደገና ያዘ። ኮኮቹ ሳይበስሉ ይረግፉ ጀመር። ከጓሮ ያለው ምንጭ፣ ከጥንት ጀምሮ እንደ መስተዋት የጠራው ምንጭ፣ አንድ ጠዋት ቀይ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያም ጭራሹን ቆመ። ጂቱ እንስራዋን ይዛ ደረቁን ጉድጓድ ስታይ ቆየች። በክረምት የሚደርቅ ምንጭ አይታ አታውቅም።

ያን ቀን ወደ ላይ ወጣች። ከተቆረጠው ባሕር ዛፍ ጉቶዎች መካከል ሣሩ ተቀዶ፣ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቅስት ተሰንጥቆ አገኘችው። በደረቷ ተኝታ ክንዷን አስገባች፤ መጨረሻው አልተነካም። ጆሮዋን ስታስጠጋ ከታች የሚንሾካሾክ ውሃ ሰማች። እየሮጠች ወረደች።

«እሜቴ፣ ተራራው ተሰንጥቋል» አለች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከዳዊታቸው ቀና አሉ። «መሬት በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ይኼ በክረምት ነው የተሰነጠቀው። ምንጩም ቆሟል። እሜቴ፣ እባክዎ ዘንድሮ ቀበና ይጹሙ።»

«ይህ ቤት የጣሊያን መድፍ ሲጮህ ቆሟል፤ ባሌ ከወጣበት ሲቀር ቆሟል። ዛሬ ምንጭ ደረቀ ብዬ እሸሻለሁ? ሂጂ ልጄ፣ ውሃ ከወንዙ ቅጂ።»

እሑድ ኃይለጊዮርጊስ ሲመጣ ጂቱ ወደ ስንጥቁ ወሰደችው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ በዣንጥላው ጫፍ ለካው። አላፌዘባትም። «ደግ አይደለም» አለ። «ጾሙ ይፈታ፤ መሬት የሚያውቅ ሰው አመጣለሁ።» ሲወርዱ ግን ጫማው የያዘውን ጭቃ በግንድ እየጠረገ፣ «ለዓለም እንዳትነግሪያት። ገና መተኛት መጀመሯ ነው» አላት። ጂቱም እሺ አለች።

የቡሄ ዕለት ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ጭጋጉ ተኝቶ ነበር። ከታች መንደር የልጆች የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። ጂቱ ወጥ ቤት ቆማ ሳለ ከወለሉ ሥር፣ ከባድ ዕቃ ጎተራ ውስጥ እንደ ወደቀ ያለ ድምፅ መጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ። ወዲያው ዝም አለ። ወደ ውጭ ስትወጣ አባቷ በገመድ እየለካ የተከላቸው የኮክ ዛፎች ረድፋቸው ተበላሽቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ቁልቁለቱ ጋደል ብለው አየች። ሎሚ ከዛፎቹ ሥር የረገፈ ኮክ በቀሚሷ ትሰበስባለች።

ጂቱ ሌላ ነገር አላሰበችም። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ጀርባዋ ላይ አዘለችና ወንዙን ተሻግራ በጉርድ ሾላ መንገድ ቁልቁል ሮጠች። «ውጡ! ውጡ!» ብላ እንደ ጮኸች ኋላ ትናገር ነበር፤ ሌላ የሰማ ግን የለም። ዓለም የሰማችው የልጇን ልቅሶ ነው። በባዶ እግሯ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ፣ «ልጄን! ልጄን ወሰደችብኝ!» እያለች ተከተለቻት። የመንደሩ ሰው ወጣ። ጂቱን ከአንድ አጥር ሥር ደረሱባት፤ ዓለም ልጇን ነጥቃ በጥፊ መታቻት።

«ተራራው ሊወርድ ነው፣ እትዬ ዓለም። እግዜር ያውቃል ሊወርድ ነው።»

ሁሉም ዞረው ወደ ላይ አዩ። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ነበር። ቤቱ በቦታው ቆሟል፤ ከጭስ ማውጫው ቀጭን ጭስ ይወጣል። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው፣ «ልጇ ከሞተ ወዲህ እኮ እንዲህ ናት» አለ። ጂቱ ይህን ሰምታ አንገቷን ደፋች።

መልእክት ደርሶት ኃይለጊዮርጊስ ከሰዓት በኋላ መጣ። ዓለም ሎሚን ካቀፈችበት አልለቅ ብላ ስለ ነበር ብዙ አልጠየቀም። ጂቱን፣ «ቁልፉን ስጪኝ» አላት። ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ጂቱ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ ልብሷን ጠቅልላ ወደ ጎበና ቤት ወረደች።

ጎበና ተቆጣ። «ከእንግዲህ እዚያ አትደርሽም» አላት። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ተራራውን ስታይ ትውላለች። ደመናው ሲከብድ ትነሣለች፤ ሲገፈፍ ትቀመጣለች። ጎበና እህል አቅርቦላት አልበላችም።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ዋዜማው ላይ ግን አላስቻላትም። በጠርሙስ ወተት ይዛ ወጣች። እንደ ወትሮው ለመፈሰኪያ ለማድረስ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ስትደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ወይዘሮዋ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ልጅቷስ? እትዬ ዓለምስ?»

«ትናንት ወደ ከተማ ሰደድኳቸው። ሎሚን ሳል ይዟታል ብዬ። በአንቺ ቦታ የያዝኳትን ወጥ ሠሪም አብሬ።»

«ሳል ይዟታል?»

ወይዘሮዋ ወተቱን ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። «አልያዛትም» አሉ።

ጂቱ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አምነውኛል ማለት ነዋ! ታዲያ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ፣ እሜቴ? አሁን እንሂድ።»

«ዛፉን ያስቆረጠው ልጄ ነው። በሰው ፊት አንቺን አምኜ ብወጣ፣ ሚስቱ ፊት ምን ይሆናል? ቦዩ መደፈኑን እኔም እንደ መጣሁ አይቻለሁ። ዝም አልኩ።» እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «ነገ አስቀድሼ እወርዳለሁ። ጉልበቴ በዚህ ጭቃ ቁልቁለቱን አይችለውም፤ የጎበናን በቅሎ አምጪልኝ።»

«እኔ ልዘልዎ።»

«የፊታውራሪ ሚስት በሰው ጀርባ ከቤቷ አትወጣም። በቅሎ አምጪ አልኩሽ።»

«እንግዲያው እዚሁ ልደር።»

«በቅሎዋን ማን ያመጣልኝ? ሂጂ፤ ሳይመሽብሽ።»

ጂቱ ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጎህ ሲቀድ እሷና ጎበና በቅሎዋን ጭነው ሲወጡ ዝናቡ ቆሞ ጭጋጉ ክንድ አያሳይም ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጎበና ቆመ።

«ጂቱ፣ ወንዙ የታለ?»

ሌሊቱን ሁሉ ዘንቦ፣ ድንጋዮቹ መሃል ጥቂት ኩሬ ውሃ ብቻ ተኝቷል። ድምፅ የለም። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ወደ ኋላ ጎተተች። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ አዲስ የተቆፈረ አፈርና የተጨፈለቀ ኮክ ሽታ። ጂቱ ልጓሙን ለቃ ወደ ጭጋጉ ገባች።

በረንዳው አልነበረም፤ ቤቱም አልነበረም። ተራራው ወርዶ፣ ግቢውን ጠራርጎ፣ ወንዙን ገድቦ ቆሟል። ከጭቃው ውስጥ የኮክ ሥር ወደ ሰማይ ተተክሎ ይታያል። ጂቱ፣ «እሜቴ! እሜቴ!» እያለች በእጇ ትቆፍር ጀመር። ጎበና ወደ መንደር ሮጠ። የቡሄ ዕለት የሳቁባት ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ፤ ማንም ዓይኗን አላየም። እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮዋን በሩ ከነበረበት አጠገብ አገኟቸው። ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር።

ኃይለጊዮርጊስ ሲደርስ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። ካለቀሰ በኋላ ወደ ጂቱ ዞረ። «ትናንት እዚህ ነበርሽ አሉኝ። ለምን በግድ አላወጣሻቸውም?»

ጂቱ በሕፃንነቱ ያዘለችው ልጅ ነው፤ ሥራ ከያዘ ወዲህ ግን እርስዎ ትለው ነበር። ያን ቀን ብቻ፣ በጭቃ የተለወሰ እጇን ዘርግታ፣ «ልጅህን በግድ ባወጣ ሌባ አላችሁኝ» አለችው። «እናትህን በግድ ባወጣ ምን ልትሉኝ ነበር?»

ወይዘሮዋ ዋሻ ሚካኤል ተቀበሩ። ከአርባው በኋላ ዓለም ጉርድ ሾላ ድረስ መጥታ፣ ጂቱ እግር ላይ ወድቃ፣ «ቀበና እኛ ዘንድ ኑሪ፤ ሎሚን አሳድጊልኝ» ብላ ለመነቻት። ጂቱ አነሣቻትና ሳመቻት፤ ግን አልሄደችም። «የሞቱት እሜቴ ናቸው፤ አንቺ ምን አደረግሽኝ?» ብላ ሸኘቻት። ኃይለጊዮርጊስ ቀበና ያሠራውን ቤት ሳይገባበት አከራየው ይባላል።

ጂቱ ከዚያ በኋላ ከጎበና ጋር ኖረች። ከፍርስራሹ ዳር የተረፉትን ጥቂት ዛፎች እየሄደች ትንከባከባለች፤ ሌሊት ግን እዚያ አድራ አታውቅም። በስድሳ ዓመተ ምሕረት ግድም ቦታው ተሸንሽኖ አዳዲስ ሰዎች መጡ። ከተናደው አጠገብ፣ ገና ካልወረደው ተራራ ሥር፣ ጭቃ ቤት መሥራት ጀመሩ። ጂቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ነገረቻቸው። በትሕትና ያዳምጧታል፤ ወንበር ያቀርቡላታል፤ «እሺ እናታችን» ይሏታል። ከዚያ ምርጋቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ጠዋት ከነሱ በላይ ያለውን ዳገት ወጥታ አይታ ስትመለስ፣ ጎበና ምን አየሽ ቢላት፣ እስከ ብብቷ በጭቃ የተለወሰ ክንዷን አሳየችው። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ምሥራቁ ጠቁሯል።